ከአባቴ ጋር የሰሃራን በረሃ ልሩጥ? የስፖርት ሐኪም ምላሽ

ጥያቄ፦ «31 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሙኒክ ነው። ማራቶን ብዙ ጊዜ ሮጫለሁ። አባቴ 62 ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ አዲስ አበባ ሆነው በየማለዳው እንጦጦ ይወጣሉ። በመጪው ዓመት ሞሮኮ ውስጥ በሚካሄደው የ250 ኪሎ ሜትር የበረሃ ሩጫ፣ በማራቶን ዴ ሳብል፣ አብረን ለመሳተፍ ተስማምተናል። አባቴ የደም ግፊት አለባቸው፤ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ እየወሰዱ ግፊታቸው ተስተካክሏል። ዐቢይ ጾምንም አያጎድሉም። እናቴ ‹አባትሽን በረሃ ልትቀብሪው ነው› ብላ ተቆጥታለች። ለአባቴ አደገኛ ነው? ጎን ለጎን እንሂድ ወይስ እያንዳንዳችን በየአቅማችን? ዝግጅቱስ እንዴት ይሁን?»

ምላሽ፦

እናትሽ መፍራታቸው ትክክል ነው፤ እሳቸው የፈሩትና እኔ የምፈራው ግን አንድ አይመስለኝም። 62 ዓመት በራሱ አያግድም። በመድኃኒት የተስተካከለ የደም ግፊትም እንዲሁ። ከአባትሽ በዕድሜ የሚበልጡ ሰዎች ይህን ውድድር ጨርሰዋል። እኔን የሚያሳስበኝ በመጀመሪያ እነዚያ ሁለት ክኒኖች ከበረሃ ሙቀት ጋር ሲገናኙ በኩላሊት ላይ የሚያሳድሩት ጫና ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ በአባትና በልጅ መካከል ያለው ዝምታ ነው። አባት በልጁ ፊት ደከመኝ አይልም። ልጅም አባቷን «ይብቃዎት» ለማለት አፍ አይኖራትም። ይህን ቀድማችሁ ካልፈታችሁት የቀረው ዝግጅት ሁሉ ትርፉ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ወስጄ የምመለስበት ጉዳይ ይኸው ነው።

እናትሽም እንዲያነቡት ውድድሩ ምን እንደሆነ ባጭሩ ላስቀምጥ። ፓትሪክ ባወር የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1984 የአልጄሪያን ሰሃራ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻውን በ12 ቀን በእግሩ አቋረጠ። ከዚያ ጉዞ በተነሣ ሐሳብ በ1986 በ23 ሯጮች የተጀመረው ውድድር ዛሬ በደቡብ ሞሮኮ በየዓመቱ ይካሄዳል። መንገዱ ሳምንት ገደማ በሚፈጅ ጊዜ ተከፋፍሎ ይሮጣል፤ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነና ሌሊቱን ጭምር የሚኬድበት አንድ ረጅም ምዕራፍ አለው። አዘጋጆቹ ውሃ፣ የማደሪያ ድንኳንና ሕክምና ያቀርባሉ። ምግብን፣ የመኝታ ከረጢትን፣ ኮምፓስን፣ ፊሽካን፣ የግንባር ባትሪን፣ የምልክት መስተዋትንና የመሳሰለውን ሁሉ ተወዳዳሪው ራሱ ይሸከማል። የቦርሳው ክብደት ያለ ውሃ ከ6.5 ኪሎ ማነስ፣ ከ15 ኪሎ መብለጥ የለበትም። ቀን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሌሊት ደግሞ ብርዱ ልብስ ያስደርባል። ከመጨረሻው ተወዳዳሪ ኋላ ግመሎች ከእረኞቻቸው ጋር ይከተላሉ፤ ግመሎቹ የቀደሙት ሰው ከውድድሩ ይወጣል።

ስሙ ሩጫ ይሁን እንጂ ለአብዛኛው ተሳታፊ ነገሩ የእግር ጉዞ ነው። ከፊት የሚሮጡት እንደ ሞሮኮዎቹ ወንድማማቾች ላህሰንና ሞሐመድ አሃንሳል ያሉ የበረሃው ልጆች ናቸው፤ ላህሰን ብቻውን 10 ጊዜ አሸንፏል። እኛ ኢትዮጵያውያን ሩጫ ሲባል ሰዓት ማሻሻል ይታየናል። እዚያ ግን መሐል ላይ ያለው ሰው ሜዳ ሲያገኝ ሶምሶማ ይላል፤ አሸዋና ዳገት ሲመጣ ይራመዳል። ዳገት በየማለዳው የሚወጡ የ62 ዓመት ሰው በዚህ በኩል ከብዙ የከተማ ማራቶን ሯጮች ይሻላሉ። የማራቶን ልምድሽ ሳያስበው ሊጎዳ የሚችለው አንቺን ነው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

አሁን ወደ ክኒኖቹ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ነው፤ ውሃና ጨው ከሰውነት ያስወጣል። በረሃ ላይ ላብም ያንኑ ይሠራል። ኢናላፕሪል በበኩሉ፣ ውሃ ባነሰ ጊዜ ኩላሊት የማጣራት ኃይሉን ለመጠበቅ የሚጠቀምበትን መንገድ ያዳክማል። ሁለቱ ተጣምረው አዲስ አበባ ላይ አባትሽን በደንብ ያገለግላሉ። ቦርሳ አዝሎ በጠራራ ፀሐይ ስምንት ሰዓት ለሚጓዝ ሰው ግን ኩላሊቱን ያለ መከላከያ ይተውታል። አደጋው ይበልጥ የሚከፋው ሦስተኛ መድኃኒት ሲጨመር ነው፤ እሱም አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ነው። ጉልበቱን ያመመው ሁሉ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ ኪሱ የሚከተው ክኒን ማለቴ ነው። የጎቢንና የአታካማን በረሃዎች በመሳሰሉ ስፍራዎች በተካሄዱ የብዙ ቀን ውድድሮች፣ የ80 ኪሎ ሜትሩን ቀን በሮጡ 89 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት በ2017 እ.ኤ.አ. ታትሟል። አይቡፕሮፌን ከወሰዱት 52 በመቶ፣ ማስመሰያ ክኒን ከተሰጣቸው ደግሞ 34 በመቶ የሚሆኑት ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት ታይቶባቸዋል። እንግዲህ አስቢው፤ ምንም ሳይወስዱ እንኳ ከሦስቱ አንዱ ተጎድቷል። ይህ ጉዳት በአብዛኛው በእረፍትና በውሃ የሚመለስ ነው፤ የአባትሽን ሁለት መድኃኒቶች ለሚወስድ ሰው ግን እንደሚመለስ ቆጥሬ አልናገርም።

ይህን አንብበው አባትሽ መድኃኒታቸውን በራሳቸው ፈቃድ እንዳያቋርጡ አደራ። ማድረግ ያለባቸው ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት ወደሚከታተላቸው ሐኪም ሄደው ያሰቡትን በግልጽ መንገር ነው። ሽንት የሚያበዛው ክኒን እንደ አምሎዲፒን ባለ ሌላ መድኃኒት ሊተካ ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። ለውጡ ከተደረገ ግፊቱ በአዲሱ መድኃኒት መርጋቱን ለማየት፣ ቁርጭምጭሚት የሚያሳብጥ ከሆነም ለመታዘብ ወራት ያስፈልጋሉ። ኢናላፕሪሉን በውድድሩ ቀናት እንዴት እንደሚወስዱት ሐኪሙ በጽሑፍ ይስጣቸው፤ ወረቀቱንም ውድድሩ ቦታ ላሉ ሐኪሞች ያሳዩ። ለሕመም ፓራሲታሞል ይበቃል፤ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ በእሳቸውም በአንቺም ቦርሳ አይግቡ። አዘጋጆቹ የሐኪም ማረጋገጫና በእረፍት ላይ የሚነሣ የልብ ምርመራ ይጠይቃሉ። ለአባትሽ ይህ አይበቃም፤ በመሮጫ ማሽን ላይ እየተራመዱ የሚደረገውን የልብ ምርመራና የልብ አልትራሳውንድ እጨምራለሁ። ክሪያቲኒን (ኩላሊት ምን ያህል እንደሚያጣራ የሚያሳይ የደም ምርመራ)፣ እንዲሁም የደም ጨዎች የሆኑት ሶዲየምና ፖታሲየም ደግሞ አሁን አንድ ጊዜ፣ ከመድኃኒት ለውጡ በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከሙቀት ልምምዱ በኋላ አንድ ጊዜ ይለኩ። ቀጠሮው ላይ እናትሽም ቢገኙ እወዳለሁ፤ ሐኪሙ የሚለውን ከአፉ ሲሰሙ ፍርሃታቸው ልኩን ይይዛል።

ዝምታ ወዳልኩት ልመለስ። በበረሃ ውድድሮች የሕክምና ድንኳን ውስጥ ስሠራ አንድ አባትና ልጅ ወደ ጥላችን ገቡ። አባትየው ወደ ስድሳ የሚጠጋ፣ ልጁ ሠላሳ ገደማ ነው። አባትየውን «እንዴት ነህ?» አልኩት። ልጁ ቀደም ብሎ «ደህና ነው፣ ትንሽ ደክሞት ነው» አለኝ። አባትየው ፈገግ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። የውሃ ጠርሙስ ሰጠሁት። ክዳኑን ወደ ማጥበቂያው በኩል አዞረ፤ ደግሞ አዞረ፤ ከዚያ እንደተዘጋ ወደ አፉ ወሰደው። የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ነበር። ልብሱን አውልቀን፣ መላ ሰውነቱን እያረጠብን፣ ያገኘነውን በረዶ አንገቱና ብብቱ ሥር አድርገን አራገብነው፤ ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው ኮፍያው የት እንደገባ ነው። ልጁን ውጪ አስቀምጬ ሳናግረው፣ አባቱ ከአንድ ሰዓት በፊት ጀምሮ ወደ ግራ እያጋደለ ሲራመድ ማየቱን ነገረኝ። «ቁም» ለማለት ግን ከበደው። አባትየው ደግሞ በማግሥቱ፣ ልጁ ከዓመት በላይ የለፋበትን ውድድር እንዳያበላሽበት ብሎ መታገሱን አጫወተኝ። ሁለቱም ለፍቅር ብለው ዝም አሉ።

ስለዚህ ጎን ለጎን ወይስ በየአቅማችን ላልሽው፣ የእኔ መልስ ጎን ለጎን ነው፤ ከመነሻው እስከ መጨረሻው። ግን ከመሄዳችሁ በፊት እናትሽ ባሉበት ተቀምጣችሁ ቃል ተለዋወጡ። አባትሽ «በረሃ ላይ ተቀመጥ ካልሽኝ ያለ ክርክር እቀመጣለሁ» ይበሉሽ። ይህን ሥልጣን አንቺ ልትወስጂው አትችዪም፤ እሳቸው ሊሰጡሽ ይገባል። አንቺም ያንኑ ቃል ለእሳቸው ትሰጫለሽ። አንድ ጊዜ ከአባት አፍ ከወጣ በኋላ «ይብቃዎት» ማለት ድፍረት መሆኑ ይቀርና የተሰጠ አደራን መጠበቅ ይሆናል።

ቀጥሎ የምለው ብዙ ሰው ሲሰማው ይከፋዋል። አንዳችሁ ከውድድሩ ብትወጡ ሌላው ይቀጥል፤ ይህንንም ከአሁኑ ወስኑ። «አባቴ ካቆሙ እኔም አቆማለሁ» ማለት ፍቅር ይመስላል፤ ለአባትሽ ግን የማይቆሙበት ምክንያት ነው። የእሳቸው ማቆም የአንቺን ሕልም የሚያጠፋ ከሆነ በደም ሽንትም ቢሆን ይራመዳሉ። እንደምትቀጥዪ ካወቁ ግን ሲበቃቸው በሰላም ይቀመጣሉ። ከውድድር የወጣ ሰው ሜዳ ላይ አይጣልም፤ የሕክምና ቡድኑ ተረክቦ ያሳርፈዋል። ሕይወታቸውን የሚያሰጋ ነገር ከመጣ ግን የምትቀሪው ከጎናቸው መሆኑን ልነግርሽ አያስፈልግም።

በመንገድ ላይ ደግሞ መጠያየቂያ ይኑራችሁ። በየመቆጣጠሪያ ጣቢያው ውሃ ከመቅዳታችሁ በፊት እርስ በርስ ተጠያየቁ፦ ለመጨረሻ ጊዜ የሸናሽው መቼ ነው፣ መልኩስ? ካለፈው ጣቢያ ወዲህ ምን በላሽ? የሚቀጥለው ጣቢያ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ነው? መጀመሪያ አባትሽ ይጠይቁሽ፤ ፈተናው የእሳቸው ብቻ እንዳይመስል። ከሦስቱ በጣም የምፈልገው ሦስተኛውን ነው፤ ከመነሻው አብራችሁ ያነበባችሁትን ቁጥር የሚስት፣ ሲነገረውም የሚደናገር ሰው ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ሐኪም ይጠራለት። ሙቀት ላይ ግራ መጋባት፣ ያለ ምክንያት መቆጣት፣ እየተንገዳገዱ መሄድ ከታየ ችግሩ ድካም አይደለም፤ አንጎል በሙቀት እየተጎዳ ነው። በዚያ ሰዓት ማቀዝቀዝ ከማጓጓዝ ይቀድማል። ኮካ ኮላ የመሰለ ሽንት ደግሞ ጡንቻ እየፈረሰ ኩላሊትን እየዘጋ ሊሆን ስለሚችል፣ ያን ቀን አንድ እርምጃ መጨመር የለም።

የማራቶን ልምድሽ ሊጎዳሽ ይችላል ያልኩት እዚህ ጋር ይመጣል። በራስሽ ፍጥነት ሰባት ሰዓት የሚፈጅብሽ መንገድ ከአባትሽ ጋር አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ይችላል። እርምጃሽ ስለቀለለ ድካሙም የቀለለ ይመስልሻል፤ ፀሐይ ላይ የምትቆዪው፣ እግርሽ አሸዋ ውስጥ የሚፋተገው፣ መብላት ያለብሽም ግን ለአሥራ አንድ ሰዓት ነው። በዚያ ላይ ዓይንሽ ሁሉ እሳቸው ላይ ነው። አስታማሚው ከታማሚው ቀድሞ ድንኳናችን ሲገባ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ የራሱን ውሃ መጠጣት ረስቶ። ስለዚህ በእሳቸው እርምጃ ረጅም ሰዓት መሄድን አንቺም ተለማመጂ፤ ሙኒክ ላይ በፍጥነት ሮጠሽ የምትገቢበት ልምምድ ይህን አያስተምርሽም።

ስለ ሙቀት ልምምድ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከፍታው ለደም ጥሩ ነው፤ ላብን ግን አያስተምርም። አባትሽ ከዓመት እስከ ዓመት በቀዝቃዛ ጠዋት የሚራመዱ ሰው ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ላብ ይቀንሳል፤ ወደ ቆዳ የሚሄደው ደም ያንሳል፤ የጥም ስሜትም ይደክማል። ደስ የሚለው፣ ሰውነት በዚህም ዕድሜ ሙቀትን ይማራል። ከ10 እስከ 14 ቀን በየዕለቱ አንድ ሰዓት ያህል ሙቀት ውስጥ ከተሠራ የደም ፈሳሽ ክፍል ይጨምራል፣ ላብ ቶሎ ይመጣል፣ በላብ የሚወጣው ጨውም ያንሳል። ልምምዱ ሲቋረጥ ግን ያገኙት ቀስ በቀስ ይጠፋል። ስለዚህ በጥር የተሠራ በሚያዝያ አይገኝም፤ ዋናው የሙቀት ልምምድ ከበረራው በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት መሆን አለበት።

አዲስ አበባ ውስጥ ለመጀመሪያው ደረጃ ፍል ውሃ አለላችሁ። ከእንጦጦ እንደወረዱ፣ ሰውነታቸው ሳይበርድ፣ 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ውሃ ውስጥ እስከ ትከሻቸው ይግቡ። ከምንጩ የሚወጣው ውሃ ከዚህ ይበልጥ ስለሚሞቅ ቀዝቃዛ ተቀላቅሎበት በቴርሞሜትር ይለካ። በ10 ደቂቃ ጀምሮ በቀናት ውስጥ ወደ 30 ደቂቃ ማድረስ ይቻላል። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሙቅ ውሃ ድንገት ሲነሣ ራሱን ሊስት ስለሚችል ብቻቸውን እንዳይሆኑ፤ ከገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ቆይተው ይነሡ። ይህንንም ሐኪማቸው ልባቸውን ካየ በኋላ ብቻ ነው የሚጀምሩት። አንቺ ከሩጫ በኋላ ሳውና ግቢ፤ ሙኒክ ውስጥ የሚቸግርሽ አይመስለኝም።

ለመጨረሻው ልምምድ ፈቃድሽን አስቀድመሽ ወስደሽ ድሬዳዋ ላይ ብትገናኙ ደስ ይለኛል። ከተማዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በመጋቢት ሙቀቷ የታወቀ ነው፤ ከአዲስ አበባም በባቡር ይደረሳል። ደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ እግር እየሰመጠ መራመድን ያስተምራል። ነገር ግን መጋቢት የበልግ ዝናብ ወር መሆኑን አትርሱ። በ2006 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ላይ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የገደለው በዚሁ ወንዝ ነው፤ ዝናቡም የዘነበው ከላይ ከሐረርጌ ተራሮች ነበር። በተራራው በኩል ደመና ካያችሁ ወንዙ ውስጥ አትግቡ።

በዚህ ልምምድ ላይ ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። ከመውጣታችሁ በፊትና ከተመለሳችሁ በኋላ ያለ ልብስ ተመዘኑ። አባትሽ 68 ኪሎ ሆነው ወጥተው፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ አንድ ሊትር ጠጥተው፣ 67 ኪሎ ሆነው ቢገቡ፣ ላባቸው ሁለት ሊትር ነው፤ በሰዓት አንድ ሊትር ማለት ነው። ያላቡትን ሁሉ መተካት አያስፈልግም፤ ትንሽ ቀንሶ መግባት ጤነኛ ነው። ኪሎ ጨምሮ መግባት ግን ከመጠን በላይ መጠጣት ነው፤ ያ ደግሞ ገዳይ ሊሆን ይችላል። በ2002 እ.ኤ.አ. የቦስተን ማራቶንን ከጨረሱት መካከል በተመረመሩት ሯጮች 13 በመቶ ያህሉ የደማቸው ሶዲየም ከጤነኛው መጠን ወርዶ ተገኝቷል፤ ትልቁ ምክንያት ብዙ መጠጣት ነበር። ሃይድሮክሎሮታያዛይድም ሶዲየም ያወርዳል፤ መድኃኒቱ ይቀየር ያልኩበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው። አንቺ ጥምሽን ተከትለሽ ጠጪ። የአባትሽ ጥም የሚታመን ስላልሆነ በየ15 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ይጎንጩ፤ መጠኑ በሚዛን ያገኛችሁት ይሁን፤ ከውሃው ጋር ጨው ያለው ነገር ይቅመሱ።

ጾሙን በተመለከተ፣ ውድድሩ አብዛኛውን ጊዜ በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ መጀመሪያ ስለሚውል ከዐቢይ ጾም ወይም ከፋሲካ ጋር መገናኘቱ የማይቀር ነው። አባትሽ ከወዲሁ የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ። እኔ እንደ ሐኪም የምለው፣ ከሥጋና ከወተት መጾሙ ምንም አይጎዳቸውም፤ ድሬዳዋም ሆነ ሰሃራ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉና ሳይጠጡ መቆየት ግን አይቻልም። በዚህ ነጥብ ላይ ከንስሐ አባታቸው የሚያገኙት ቃል ልባቸውን ያሳርፍላቸዋል፤ ልቡ ያላረፈ ሰው ደግሞ ውሃ እየደበቀ የጠጣ ያስመስላል እንጂ አይጠጣም።

የጾም ምግባችን ለዚህ ጉዞ የተሠራ ያህል ነው። በሶ እሳት አይፈልግም፤ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል ወይም ተጨብጦ ይበላል፤ ሌሎች ምድጃና ማገዶ ሲሸከሙ እናንተ ያን ክብደት ትተዋላችሁ። ደንቡ በቀን ቢያንስ 2,000 ካሎሪ እንዲያዝ ይጠይቃል። 100 ግራም በሶ 350 ካሎሪ ያህል፣ 100 ግራም ኦቾሎኒ ደግሞ 570 ያህል አለው። በሶ ብቻ ከያዛችሁ በቀን 570 ግራም ይሆናል፤ 165 ግራም በሶና 250 ግራም ኦቾሎኒ ብታደርጉት ግን 415 ግራም ይበቃል። በሰባት ቀን ከአንድ ኪሎ በላይ ቀለላችሁ ማለት ነው። ዳቦ ቆሎ፣ ተምርና ጨው የበዛበት ቆሎ ጨምሩ፤ በአራተኛው ቀን ጣፋጭ ነገር የሚያቅለሸልሸው ሰው ብዙ ነው። የየቀኑን ምግብ በየከረጢቱ ለይታችሁ የቀኑን ቁጥርና ካሎሪውን ጻፉበት፤ ፋብሪካ ያላሸገው ምግብ መረጃው በግልጽ ሊታይ ይገባል። እጃችሁን ሳታጸዱ አትብሉ። በ2021 እ.ኤ.አ. ውድድሩ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ ጥቅምት ተዛውሮ፣ ከባድ ሙቀትና የሆድ ሕመም ተደራርበው ከጀማሪዎቹ ግማሽ ያህሉ አልጨረሱም፤ አንድ ፈረንሳዊ ተወዳዳሪም ሕይወቱ አልፏል።

እግርን በሚመለከት፣ እግር ስለሚያብጥ ጫማው ከለመዳችሁት በግማሽ ወይም በአንድ ቁጥር ይብለጥ። አሸዋ እንዳይገባ የሚሸፍነውን ጨርቅ መያዣ በማጣበቂያ ብቻ አትመኑት፤ ሙቀቱ ያላቅቀዋል፤ ጎበዝ ጫማ ሰፊ በክር ዙሪያውን ይስፋው። እግር ገና ማቃጠል ሲጀምር ቁጭ ብሎ ፕላስተር መለጠፍ ነው። ውሃ ከቋጠረ በንጹሕ መርፌ አፍስሶ ቆዳውን ሳይልጡ መሸፈን ነው። አባትሽ ዱላ መያዝ ከለመዱ፣ ሁለት የመራመጃ ዱላ ይያዙ፤ ለጉልበታቸው ከማንኛውም ክኒን ይሻላል።

የአሸዋ ማዕበል ከመጣ ደግሞ ባላችሁበት ቁሙ፤ ጀርባችሁን ለነፋሱ ሰጥታችሁ፣ ተያይዛችሁ ተቀመጡ። ጣሊያናዊው ማውሮ ፕሮስፔሪ በ1994 እ.ኤ.አ. በዚሁ ውድድር በማዕበሉ ውስጥ መሄዱን ቀጥሎ መንገድ ስቶ፣ ከሳምንት በላይ ተንከራትቶ በሕይወት የተገኘው ድንበር ተሻግሮ አልጄሪያ ውስጥ ነው።

በመጨረሻ፣ መቼ አትሂዱ እንደምል ልንገርሽ። በመሮጫ ማሽኑ ምርመራ የልብ ደም ሥር መጥበብ ምልክት ከታየ አትሂዱ። ክሪያቲኒናቸው ከፍ ካለ፣ ወይም ከድሬዳዋው ልምምድ በኋላ ከፍ ብሎ ካልወረደ አትሂዱ። ከውድድሩ ሦስት ወር በፊት እንጦጦ ላይ 9 ኪሎ ተሸክመው ሦስት ተከታታይ ቀን በየቀኑ 25 ኪሎ ሜትር ይሞክሩ፤ በአራተኛው ቀን ማለዳ ደረጃ ያለ ድጋፍ መውረድ ካልቻሉ ዘንድሮ አይደለም። በእናትሽ ፊት ቃሉን ለመስጠት ካንገራገሩም፣ ምርመራው ሁሉ ቢያምር እንኳ፣ እኔ ብሆን ከእሳቸው ጋር አልሄድም። በዚያን ጊዜ ያው አዘጋጆች በልዩ ልዩ አገሮች የሚያካሂዷቸውን ከ70 እስከ 120 ኪሎ ሜትር የሚደርሱ፣ በሦስት ምዕራፍ የሚያልቁ አጫጭር ውድድሮች ተመልከቱ። የኩላሊቱ ምርመራ ውጤት እንደደረሰ ቁጥሮቹን ከመድኃኒቶቹ መጠን ጋር ጻፊልኝ፤ ከሐኪማቸው ጋር ልትነጋገሩበት የሚገባውን ነጥብ ለይቼ እመልስልሻለሁ።